«ምችማ ከሆነ እናውቀዋለን!» ሐኪሙ ያለው ሌላ፣ እኛ የሰማነው ሌላ

«ዋግ» ማለት ምን ማለት ነው?

ስንዴ ዘሪ ገበሬ ከጠየቃችሁ ፊቱ ይጠቁራል። ለእሱ ዋግ የአዝመራ ጠላት ነው። ቅጠሉንና አገዳውን ዝገት አልብሶ ፍሬውን አመድ የሚያስቀር በሽታ። እኔን የሰቆጣውን ሰው ከጠየቃችሁኝ ደግሞ ደረቴን ነፋ አድርጌ «አገሬ ነዋ!» እላችኋለሁ። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ «ከዋግ ነው የመጣሁት» ስል፣ አጠገቤ የነበሩ አዛውንት ከልባቸው አዝነው «ውይ ልጄን! ሰብሉን ጨረሰው እንዴ?» ብለውኛል። ሻዬ ትን እስኪለኝ ሳቅሁ።

ይሄ ያስቃል። አንድ ቃል ሁለት ፊት ኖሮት ሻይ ቤት ውስጥ ሰው ቢያሳስት ምንም አይደለም። ሐኪም ቤት ውስጥ ሲያሳስት ግን አያድርስ ነው! እኔ ላይ ደርሷል። ለዚህ ነው ዛሬ ስለ ፍቅር ሳይሆን ስለ ቃል የምጽፈው።

ውድ አንባብያን፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ከብዕር ጋር እዚህም እዚያም የምል ሰው ነኝ። ቢሆንም በእኛ ቤት «የተማረ» ከተባለ እኔው ነኝ። ስለዚህ ቤተ ዘመድ በታመመ ቁጥር «ና አንተ ስማልን»፣ «አንቺ ታውቂያለሽ» እየተባለ እንደሚጎተተው የየቤቱ የተማረ ሁሉ፣ እኔም ወደ ሐኪም ቤት እጎተታለሁ። መጎተቱ ባልከፋ። የከፋው የሰማሁትን በትክክል አለማስተላለፌ ነው።

የቆረጥኳት ቃል

የእህቴ ልጅ የአሥር ወር ሕፃን ሳለች ነው። ክረምት ነበር። የሰቆጣን የደጋ ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ልጅቱ አተኮሳት፣ ሳለች፣ ጡት እንቢ አለች። እናቴ፣ እህቴና እኔ ይዘናት ወደ አንድ ጤና ተቋም ሄድን። (ስሙ ይቅር። የምነግራችሁ ጥፋት የሕንፃው አይደለም።)

ነጭ ጋውን የለበሰው ወጣት የልጅቱን ልብስ ገልጦ፣ ሰዓቱን እያየ ትንፋሿን ቆጠረ። ደረቷን አዳመጠ። ካርዱ ላይ እየጻፈ፣ ቀና ሳይል፣ «የሳንባ ምች ነው። ይህን ኪኒን በውኃ እያሟሟችሁ ጠዋትና ማታ፣ ለአምስት ቀን። ካልተሻላት ወይም ከባሰባት ቶሎ መልሷት» አለ። በሩ ላይ ወረፋው እስከ ግቢው ድረስ ተሰልፏል። «የሚቀጥለው!» ተባለ።

እናቴ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ «ምን አለ?» አለችኝ።

«ምች ነው አለ» አልኳት።

ይኸው ነው ጥፋቴ! ከሁለት ቃል አንዷን ቆርጬ ጣልኳት።

እናቴ ፊቷ በራ። «እሰይ፣ ተመስገን! ምችማ ከሆነ እናውቀዋለን!»

እቤት እንደ ደረስን ዳማከሴ ከጓሮ ተቀጠፈ። ታሸ፣ በነጠላ ጫፍ ተጨመቀ፣ ልጅቱ ተቀባች፣ በአፍንጫዋም ሸተተች። ኪኒኑስ? እህቴ የመጀመሪያውን ማታ ሰጥታት ነበር፤ ሌሊቱን ሲብስባት ግን «ምችና ኪኒን አይስማሙም፣ እሱ ነው ያባባሰባት» ተባለና መደርደሪያ ላይ ተሰቀለ። እኔስ? እኔ «የተማርኩት» ምን አልኩ? ምንም! ከእናቴ ጋር ስለ ምች ልከራከር? ስንቱን ጎረቤት ያዳነች ሴት ናት እኮ።

በሦስተኛው ሌሊት ልጅቱ በተነፈሰች ቁጥር ከጎድን አጥንቷ ሥር ወደ ውስጥ ስርጉድ፣ ስርጉድ ይል ጀመር። አፍንጫዋ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከንፈሯ ጠቆረ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ጎረቤት ቀስቅሰን፣ ባለ ባጃጅ ለምነን ደረስን። ኦክስጅን ተደረገላት፣ በደም ሥሯ መድኃኒት ተሰጣት። ተረኛዋ ሲስተር መደርደሪያ ላይ የዋለውን ኪኒን ታሪክ ስትሰማ «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ…» ብላ ጀመረችና ሳትጨርሰው ተወችው። ያን ያልተጨረሰ ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ድረስ ማታ ማታ እየጨረስኩት አድራለሁ።

በሰባተኛው ቀን ይዘናት ወጣን። ዛሬ ሦስት ዓመት አልፏታል። ስሜን አሳጥራ ነው የምትጠራኝ።

ምችና የሳንባ ምች ዘመድ አይደሉም

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ነው ቃል መጠየቅ የጀመርኩት። ጤና ባለሙያ ባገኘሁ ቁጥር «ይሄ ምን ማለት ነው?» እላለሁ። አሰልቺ ተብያለሁ። ይባል!

«ምች» ስንል እኛ የምናውቀው ፀሐይ የመታው ሰው የሚይዘውን ትኩሳትና ራስ ምታት፣ በከንፈር ዙሪያ ፍንትው ብሎ የሚወጣውን ቁስል ነው። ሐኪሞቹ ያንን የከንፈር ቁስል የሚያመጣው ሄርፐስ የሚባል ቫይረስ ነው ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ጊዜ ይድናል። ዳማከሴውም የሚመሰገነው ለዚህ ይሆናል።

«የሳንባ ምች» ግን ሌላ ነው። ፈረንጆቹ ኒሞኒያ የሚሉት ነው። ሳንባችን ውስጥ አየር የሚገባባቸው ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ። ጀርም ሲገባባቸው መግልና ፈሳሽ ይሞሉና አየሩ ቦታ ያጣል። ሰውየው አየር እያለ አየር ያጥረዋል ማለት ነው። በዓለም ላይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን በብዛት ከሚገድሉት ተላላፊ በሽታዎች ግንባር ቀደሙ ይሄው ነው። ምችነቱ በስም ብቻ ነው። ማን ይህን ስም እንዳወጣለት እንጃ፣ ስሙ ግን እናቶችን ያዘናጋል።

ያ ወጣት ሰዓቱን እያየ ይቆጥረው የነበረው ምን ነበር? ትንፋሽ! ይህን ማንኛዋም እናት እቤቷ ልታደርገው ትችላለች። ልጁ ሳያለቅስ፣ ጸጥ ብሎ ሳለ ሆዱን ገልጣችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ሆዱ አንድ ጊዜ ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ትንፋሽ ነው።

ዕድሜው ከሁለት ወር በታች ከሆነ 60ና ከዚያ በላይ፣
ከሁለት ወር እስከ ዓመቱ ድረስ 50ና ከዚያ በላይ፣
ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከቆጠራችሁ፣

ያ ፈጣን አተነፋፈስ ነውና ወደ ጤና ባለሙያ ውሰዱት። ደረቱ ሥር ስርጉድ የሚል ከሆነ፣ ጡት ወይም ውኃ እንቢ ካለ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ከደነዘዘ ግን መቁጠሩንም ተዉት። ሩጡ! ኪኒኑ ከተሰጣችሁ ደግሞ በሁለተኛው ቀን ስለተሻለው አታቋርጡ። አምስት ቀን የተባለው አምስት ቀን ነው።

«ብዛቱና ማነሱ ተጣጣሉ»

ሁለተኛው ታሪክ የአንዲት የሰፈራችን ጠላ ሻጭ እናት ነው። ጨዋታቸው ጠላቸውን ያስንቃል። እኚህ እናት ደም ብዛት አለብዎት ተብለው ኪኒን ይወስዱ ነበር። ከጊዜ በኋላ ደግሞ ማዞር ሲያስቸግራቸው ተመረመሩና «ደም ማነስ አለብዎት» ተባሉ። ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ተመስገን! ብዛቱና ማነሱ ተጣጣሉ!» ብለው የደም ብዛቱን ኪኒን ተዉት።

እኛም ሳቅን። እውነት መስሎን ነው የሳቅነው። ሂሳቡ እኮ ይገጥማል! የበዛው ካነሰ ትክክል ሆነ ማለት አይደል?

አይደለም። አንድ ቀን ጠዋት እንስራ ሊያነሱ ሲሉ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። አፋቸው ተጣመመ፣ ምላሳቸው ተሳሰረ። ስትሮክ ነው፤ አእምሮ ውስጥ የደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚመጣ። ዛሬ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ጨዋታቸው አልቀረም፣ ቃሉ ግን እየተጎተተ ነው የሚወጣው።

ነገሩ ምን መሰላችሁ? «ደም ብዛት» የሚለው ቃል ራሱ ነው የሸወደን። የበዛ ደም የለም! የበዛው ግፊቱ ነው። የጓሮ ጎማ አስቡ። ውኃው ያው ነው፣ ቧንቧው በኃይል ሲከፈት ግን ጎማው ይወጠራል። ደም በደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ሲበረታ ልብን፣ ኩላሊትን፣ ዓይንንና አእምሮን ይጎዳል። አሁን አሁን ባለሙያዎቹ «የደም ግፊት» ማለት የጀመሩት ለዚህ ነው። ሲለኩን የሚነግሩን ሁለት ቁጥር፣ የላይኛው ልብ ስትጨመቅ፣ የታችኛው ልብ ስታርፍ ያለው ግፊት ነው። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90ና ከዚያ በላይ እየሆነ ከመጣ ግፊት አለ ይባላል። ብዙ ጊዜ ምንም ሕመም አይሰማም። ራሴን ስላላመመኝ ወርዷል ማለት ራስን መሸወድ ነው።

ደሜ በዝቷል ብሎ ዋግምት የሚያስነቅል ሰውም አለ። ደም ቢቀዳ ግፊቱ በዚያ አይድንም። ጨው መቀነስ ግን ይረዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ይላል። በርበሬያችን ውስጥ ያለውም ጨው ይቆጠራል፣ እንዳትረሱ!

«ደም ማነስ» ደግሞ ደም ከሰውነት አለቀ ማለት አይደለም። በደም ውስጥ አየር ተሸክሞ የሚዞረው ቀይ ነገር፣ ሄሞግሎቢን የሚሉት፣ አነሰ ማለት ነው። አንዱ ትልቅ ምክንያት የብረት ማዕድን እጥረት ነው። ሥጋ፣ ምስር፣ ጎመን ይረዳሉ። ሎሚ ጠብ ቢደረግበት ደግሞ ሰውነት ብረቱን በደንብ ይስበዋል። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በላይ ሲጠጡ ግን ያስቀሩታል። (ቡና ጠጡ፣ ማን ይከለክላችኋል! ትንሽ ቆይታችሁ ጠጡ።) እንግዲህ አንዱ የግፊት፣ ሌላው የይዘት ጉዳይ ነው። ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ሊገኙ ይችላሉ። አይጣጣሉም!

ሳህኗ የተለየባት ሴት

ሦስተኛው ቃል «ነቀርሳ» ነው። ይሄ ቃል ደግሞ ሁለት ጌታ ያደረ ነው። «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ቲቢን ነው። ብቻውን «ነቀርሳ» ስንል ደግሞ ካንሰርን ነው።

አንዲት የማውቃት ሴት ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ ስትመረመር «ነቀርሳ ነው» ተባለች። ቤቷ ተመለሰች። በማግሥቱ ሳህኗና ሲኒዋ ከቤተሰቡ ተለየ። ልጆቿ አብረዋት እንዳይተኙ ተደረገ። ለምን? «ነቀርሳ ይጋባላ!» ሴትየዋ ከበሽታው ይልቅ ሲኒዋ ብቻውን ሲታጠብ ማየቷ እንዳቆሰላት አጫውታኛለች። አፍራም ሕክምናዋን አዘገየች።

ልዩነቱን ልብ በሉ። ቲቢ በጀርም የሚመጣ ነው። ጀርሙን ሮበርት ኮህ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እንደ ፈረንጆቹ በ1882 ነው ያገኘው። የታመመ ሰው ሲያስልና ሲያስነጥስ በአየር ይተላለፋል። በሳህንና በሲኒ አይተላለፍም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው መመርመር አለበት። የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ነው፤ በመንግሥት ጤና ተቋማት መድኃኒቱ በነፃ ነው። ይድናል።

ካንሰር ግን የራሳችን ሕዋስ ከሥርዓት ወጥቶ ያለ ልክ ሲባዛ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። በሲኒ አይጋባም፣ በመሳም አይጋባም፣ አብሮ በመተኛት አይጋባም። ጡት ላይ የሚወጣው እብጠት መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም። አያመኝም ብሎ መተው ነው የሚጎዳው። ቶሎ ከተደረሰበት መታከም ይቻላል።

ስለዚህ «ነቀርሳ» ስትባሉ ቁጭ በሉና ጠይቁ። «ቲቢው ነው ወይስ ካንሰሩ?» ሁለት ቃል ጥያቄ የአንዲትን እናት ሲኒ ከመለየት ያድናል።

በከተማችን ስም የተጠራው ቃል

አሁን ወደ ዋናው ቃል ልምጣ። ይህ ቃል የእኛን የሰቆጣን ስም ተሸክሞ አገር ላገር የሚዞር ነው።

የእህቴ ልጅ ሁለት ዓመት ሲሞላት ለክትትል ወሰድናት። (አሁን እኔ ጆሮዬን እንደ ጥንቸል አቁሜ ነው የምሄደው።) የጤና ባለሙያዋ ባለ ሦስት ቀለሙን ጥብጣብ ክንዷ ላይ አሰረች። አረንጓዴው ላይ ሆነ። እሰይ! ከዚያ ቁመቷን ለካች። 78 ሳንቲ ሜትር። «ልጅቱ ቀንጭራለች» አለች።

እናቴ ከት ብላ ሳቀች። «የኔ ልጅ፣ እኛ እኮ ዘራችን አጭር ነው! አባቷን ብታዪው!»

እኔ ግን ጠየቅሁ። «ክንዷ አረንጓዴ አይደለም ወይ? ታዲያ ምኑ ነው የጎደላት?»

እንዲህ አስረዳችን። መክሳትና መቀንጨር ይለያያሉ። መክሳት የቅርብ ጊዜ ረሃብ ወይም በሽታ ነው፤ ክንድ ላይ ይታያል። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባለ ልጅ ላይ ክንዱ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀዩ ላይ ነው፣ አስቸኳይ ነው። ከ11.5 እስከ 12.5 ቢጫ ነው። ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው። የከሳ ልጅ በደንብ ከታከመና ከበላ ይመለሳል። መቀንጨር ግን ቀስ እያለ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ በወራትና በዓመታት የተጠራቀመ ጉድለት ነው። ቁመት ላይ ይታያል። የቀነጨረ ልጅ ጉንጩ ሞላ ያለ ሊሆን ይችላል። የሁለት ዓመት ሴት ልጅ መካከለኛ ቁመት ወደ 86 ሳንቲ ሜትር ነው። ከ80 በታች ስትሆን ቀነጨረች ይባላል።

«ዘራችን ነው» ለሚለውም መልስ አላት። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን መለኪያ ያወጣው በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ በደንብ ተመግበው ያደጉ ሕፃናትን ለክቶ ነው። የተገኘው ምንድን ነው? በደንብ ከተያዙ እስከ አምስት ዓመታቸው ድረስ የጋናውም የኖርዌዩም ልጅ ቁመቱ ተቀራራቢ ነው! ዘር የሚለየው ኋላ ነው። በሁለት ዓመት ያጠረችን ልጅ በአያቷ ማሳበብ አይቻልም።

እናቴ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። እኛ ቤት ስንት «አጭር ዘር» እንዳለ እየቆጠርኩ ነበር። አንዳንዱ የ1977ቱ ድርቅ ልጅ ነው።

ጉዳቱ ቁመት ብቻ ቢሆን ባልከፋ። በዚያው ጊዜ አእምሮም የሚያድግበት ነው። ወሳኙ ጊዜ 1000 ቀን ነው። ሂሳቡን አብረን እንሥራ። የእርግዝናው 270 ቀን፣ አንደኛው ዓመት 365፣ ሁለተኛው ዓመት 365። ሲደመር 1000! ከዚያ በኋላ ያመለጠውን መመለስ በጣም ከባድ ነው።

መንግሥት በ2007 ዓ.ም ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን እስከ 2022 ዓ.ም (በፈረንጆቹ 2030) ለማጥፋት ቃል ሲገባ ሰነዱን ምን ብሎ ጠራው? «የሰቆጣ ቃል ኪዳን»! በመጀመሪያ በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ነው የተጀመረው። በ1992 ዓ.ም ከመቶ የኢትዮጵያ ሕፃናት 58ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ወደ 38 ወረደ። በአማራ ክልል ግን ያን ጊዜ 46 ነበር። ከሁለት ልጅ አንዱ ሊሆን ምን ቀረው?

እንግዲህ እዩት። በከተማችን ስም የተጠራ ቃል ኪዳን አለ። ስብሰባው፣ ባነሩ፣ መኪናው ሁሉ «ሰቆጣ» ይላል። እኛ ሰቆጣ ያለነው ግን መቀንጨር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሳናውቅ «ዘራችን ነው» ብለን እንስቃለን። በአበርገሌና በዝቋላ በኩል ያሉ እናቶች ደግሞ ብዙዎቹ እቤታቸው አፋቸውን የፈቱት በኽምጣና ነው። ቃሉ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ኽምጣና ሁለት አጥር ዘሎ ነው የሚደርሳቸው። በሁለቱ አጥር ላይ ምን ምን ቦጭቆ እንደሚቀር የእኔን «ምች» አይታችሁ ገምቱ።

ምን ይደረግ ታዲያ? ባለሙያዋ የነገረችንን ልንገራችሁ። ነፍሰ ጡር እናት ከወትሮው ጨምራ ትብላ፣ የብረት ኪኒኗን ትውሰድ። ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ፤ ውኃም ቢሆን አይሰጠው። ከስድስት ወር በኋላ ጡት ሳይቋረጥ ወፈር ያለ ገንፎ፤ ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም። የገብሱ ገንፎ ላይ የባቄላ ወይም የሽምብራ ዱቄት፣ ትንሽ ዘይት ወይም ቅቤ፣ ከተገኘ እንቁላልና ወተት ይጨመርበት። እንቁላሉን ለገበያ ስትለዩ አንዷን ለልጁ አስቀሩለት! እጅ በሳሙና፣ ውኃው ንጹሕ ይሁን። ተቅማጥ የሚመላለሰው ልጅ የበላውን አያድግበትምና።

ቁረጡና ግድግዳ ላይ ለጥፉት

ሌሎች የሚያሳስቱ ቃላትም አሉ።

አጣዳፊ፦ በድንገት የጀመረ ማለት ነው። የሚገድል ማለት ብቻ አይደለም።

ሥር የሰደደ፦ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ማለት ነው። ተስፋ የለውም ማለት አይደለም። ስኳርና የደም ግፊት ሥር የሰደዱ ናቸው፣ ሰው ግን ተከታትሎ ዕድሜ ይጠግባል።

ፖዘቲቭ፦ «ጥሩ ነው» ማለት አይደለም። የተፈለገው ነገር ተገኘ ማለት ነው። ኔጋቲቭ ደግሞ አልተገኘም።

አተት፦ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት። የሚገድለው የውኃ ማለቅ ነው። ሕይወት አድን የሚባለውን ኦ አር ኤስ አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጡ። አታቅጥኑ፣ አታወፍሩ። እሱን እያጠጣችሁም ወደ ሐኪም ውሰዱ።

የወፍ በሽታ፦ የሌሊት ወፍ የለችበትም! ዓይንና ቆዳ ቢጫ ሲሆን ምልክት እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። ብዙ ጊዜ ጉበት ተነክቷል ማለት ነው። መመርመር ነው።

ሾተላይ፦ ሕዝቡ ልጅ የሚነጥቅ መንፈስ ይለዋል። በሕክምናው የእናትየው የደም ዓይነት አር ኤች ኔጋቲቭ፣ የልጁ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ የእናት ሰውነት የሚቀጥለውን ልጅ ደም እንደ ጠላት ሲያጠቃ ነው። ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ መከላከያ መርፌ አለው። እርጉዝ ሳላችሁ የደም ዓይነታችሁን እወቁ።

ኪንታሮት፦ እጅ ላይ የሚወጣውም፣ መቀመጫ ላይ የሚወጣውም ኪንታሮት ይባላል። ሁለቱ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። የአንዱን መድኃኒት ለሌላው የተቀባ ሰው አውቃለሁ። ጩኸቱ እስከ ገበያው ተሰምቷል!

በቀን ሦስት ጊዜ፦ ቁርስ፣ ምሳ፣ መክሰስ ማለት አይደለም። በየስምንት ሰዓቱ ማለት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት።

ሐፍረት አይግደለን

ችግሩ የሐኪሙ ነው ወይስ የእኛ? የሁለታችንም ነው። እሱ ከበሩ ውጭ መቶ ሰው እየጠበቀው ይቸኩላል። እኛ ደግሞ «አልገባኝም» ማለት ያሳፍረናል። በተለይ እንደ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ! «የተማረ» ተብሎ መጥቶ እንዴት አልገባኝም ይላል?

ስለዚህ ወረፋው ቢረዝምም አራት ነገር ሳትጠይቁ ከወንበሩ አትነሡ። አንደኛ፣ በሽታው ምንድን ነው፣ በእኛ አነጋገርስ ምን ይባላል? ሁለተኛ፣ ይህ መድኃኒት ምን ያደርጋል፣ ስንት ቀን ነው? ሦስተኛ፣ ምን ምልክት ካየሁ ልመለስ? አራተኛው ከሁሉም ይበልጣል፤ የሰማችሁትን መልሳችሁ ንገሩት። «ዶክተር፣ እንዲህ ነው ያልከኝ አይደል?» በሉት። እኔ ያን ቀን «ምች ነው ያልከን አይደል?» ብዬው ቢሆን ኖሮ «ኧረ አይደለም!» ይለኝ ነበር። አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

በቀደም እናቴን ለጉልበቷ ሕመም ይዣት ሄድኩ። ወጣቱ ሐኪም አንድ ቃል ተናግሮ ሊጽፍ ጎንበስ ሲል፣ እናቴ እጇን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና እንዲህ አለችው።

«ልጄ፣ ተው ቆይ። ይሄ ያልከው ቃል በእኛ ቤት ሌላ ትርጉም አለው። ባንተ ቤት ምን ማለት ነው?»

ልጁ ብዕሩን አስቀመጠ። ወንበሩንም ጠጋ አደረገ።

ቸር ሰንብቱ!